የባለታንኳው ቅኝት

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ።

ቁጭ በይ እናኑ፣ ቁጭ በይ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ሥራዬን ሳልለቅ፣ ማታ ማታ እየተማርኩ፣ የለየለት ክራር ተጫዋች መሆን አልችልም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ትችያለሽም አትችይምም አልልሽም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲጠይቅ መልሱን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከኔ የሚፈልገው «አዎ» እንድለው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለዚህ ለዚህ አልመችም። ክራርሽን ግድግዳው ላይ አስደግፊና አዳምጪኝ፤ መሃል ላይ እንዳታቋርጪኝ ብቻ።

ሰውየው የሚኖረው ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ነበር። ታንኳው የደንገል ናት። ደንገል ሐይቅ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው፤ አድርቀው አጥብቀው ካሰሩት ሰውም ዕቃም ተሸክሞ ይንሳፈፋል። ክፋቱ ውሃ ይጠጣል። ከሥራ መልስ ጎትተው አውጥተው ካላደረቁት እየከበደ ይሄድና አንድ ቀን ባለቤቱን ጉድ ይሠራዋል። ይህ ቀዛፊ ግን ታንኳውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት። ገበያተኛውን፣ እንጨት ጫኙን፣ ደሴቶቹ ላይ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄደውን ሁሉ ያሻግራል። ሰው ከዳር ቆሞ «ባለታንኳ! ኧረ ባለታንኳ!» ብሎ ከተጣራ፣ ምግብ ላይ ቢሆን እንኳ ጉርሻውን ጥሎ ይነሳል። እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ያቺን ጥሪ ሰምቶ ብድግ ያለበትም ጊዜ አለ።

ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያ ሥራው ሐይቁን መቃኘት ነው። ከቤቱ ይወጣና ነፋሱ ከየት እንደተነሳ፣ ደመናው ወዴት እንዳጋደለ፣ ውሃው ተኝቶ እንደሆነ ወይ ሊቆጣ እንደሆነ አይቶ ይመለሳል። ሚስቱ ከውስጥ ሆና «ቃኘህ?» ትለዋለች። «ቃኘሁ» ይላል። «እንዴት አደረ?» «ሰላም ነው።» ከዚያ ቁርሱን ይበላል። በየቀኑ ይኸው ነው። ሚስቱም ብትሆን የቀዛፊ ልጅ ናት፤ ሐይቁን ከሱ ባላነሰ ታውቀዋለች፤ ምላሷም ስል ነው።

ታዲያ አንድ ጧት፣ ሰው አድርሶ ባዶ ታንኳውን እየቀዘፈ ሲመለስ፣ ጉም ወረደበት። ወረደበት ልበል እንጂ ከውሃው ነው የወጣው። ትንሽ ትንሽ እያለ ዳሩን ደበቀ፣ ደሴቶቹን ደበቀ፣ በመጨረሻም የመቅዘፊያውን ጫፍ ደበቀ። ውሃው የት ላይ አልቆ ሰማዩ ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት። ሰውየው ነጭ ነገር መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወደፊት ይሂድ፣ ወደ ኋላ ይሂድ፣ አያውቅም። ይሄኔ ነው ድምፁን የሰማው። ጋን ውስጥ አፉን አስገብቶ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ ይመስላል፤ ወፍራም ነው፣ ይነዝራል፣ ከላይ ይምጣ ከታች አይለይም። በታንኳዋ ደንገል በኩል አልፎ እግሩ ውስጥ ሲገባ ተሰማው። ኋላ ለሚስቱ ሲነግራት «ሐይቁ ያናገረኝ መሰለኝ» ነው ያላት። መቅዘፉን ተወና ታንኳዋ ወደወሰደችው ሄደ።

ጉሙ ሲገለጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ አጠገቧ ሲያልፍ ከኖረባት አንዲት ትንሽ ደሴት ፊት ለፊት ነበር። ከዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው በገና ይደረድራሉ። እኒህን ሽማግሌ ያውቃቸዋል። እሱ ራሱ ነበር በታንኳው ያሻገራቸው። ያኔ በቆዳ የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ ይዘው ስለነበር «አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ታንኳዬን አጋደለብኝ እኮ!» ብሎ አጉረምርሞባቸዋል። ያ ያጋደለበት ዕቃ ይኸው ይህ ሆኖ ተገኘ።

ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ዞሮ ሄደ። አፍሮ ነው። ቤቱ ገብቶ ምግብ ቀረበለት፣ አልበላም። ሚስቱ ግንባሩን ዳሰሰችው።

«አሞሃል?»

«እንጃ።»

«እንጃ የሚባል በሽታ የለም። ምንህን ነው?»

«የሰማሁት ነገር አለ። እሱን ሳልይዝ ብሞት የሚቆጨኝ ይመስለኛል» አላት። ባሏ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

በማግስቱ ወደ ሽማግሌው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ ያስተምሩኝ።» እሳቸውም ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ «ሥራህንስ ምን ልታደርገው ነው?» አሉት። «ጎን ለጎን አስኬደዋለሁ» አለ። አየሽ፣ እንዳንቺው ነው። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ እንጂ አልተቆጡም። የለመዱት መልስ ነው መሰለኝ። ከጎጇቸው አንድ አሮጌ በገና አወጡ፤ አስሩም አውታሮቹ ረግበው ተንጠልጥለዋል። አቀፉትና እጁ ላይ አኖሩለት። ከዚያ በእጃቸው ወደ ታንኳው እያመለከቱ «በል ሂድ። መጀመሪያ በደንብ ቃኝ። ስትቃኝ ተመለስ» አሉት።

ሰውየው በደስታ በረረ። በገናውን ቤቱ ግድግዳ ላይ በክብር ሰቀለውና ወጣ። ሐይቁን ሊቃኝ!

እንዳትስቂ። እስኪ በሱ ቦታ ሁኚ። ዕድሜውን ሙሉ «ቃኝ» ሲሉት ሐይቁን ነው። ድምፁንስ የሰማው ከሐይቁ አልነበር? «እውነታቸውን ነው፣ ያን ድምፅ የሰጣቸው ውሃው ነው፤ ውሃውን በደንብ ሳላውቅ በገናውን ምን አውቄ እነካዋለሁ» ብሎ አሰበ። እናም ሐይቁን ከዚያ በፊት አይቶት በማያውቀው ዓይን ያየው ጀመር። ጧት የአመድ መልክ ይዞ አድሮ፣ ፀሐይ ስትነካው ቀስ እያለ ሲነጣ አየ። ጉማሬዎቹ ሲያነጥሱ፣ ደንገሉ እርስ በርሱ ሲንሾካሾክ፣ ዓሣ ዘሎ ሲወድቅ ሰማ። ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ዳር ለምን እንደሚቆጣ፣ የምሥራቁ ለምን ዝም እንደሚል ሲያሰላስል ይውላል። ቀኑ የት እንደገባ ሳያውቀው ይመሻል። ደስ ብሎት ነበር፣ ምን ልበልሽ፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚሄደው።

ጠግቦ ከቃኘ በኋላ በገናውን ተሸክሞ ተመለሰ።

«ቃኘህ?» አሉት ሽማግሌው።

«ቃኘሁ አባቴ!»

«ሁሉንም?»

«ከዳር እስከ ዳር። የምሥራቁ ጸጥ ያለ ነው፣ ችግር የለበትም። የምዕራቡ ግን ቁጡ ነው፤ ቀስ ብለው ካልያዙት አይሆንም።»

ሽማግሌው የአውታሮቹን ነገር በቅኔ የሚነግራቸው መሰላቸው። «ይህስ ሰው ነው!» ብለው ተደሰቱና «እስኪ አሰማኝ» አሉት። እሱም ወደ ውሃው ዞሮ እጁን ዘረጋና «ያዳምጡት» አላቸው። አዳመጡ። ዳክዬ ጮኸች። ከዚያ ሽማግሌው በገናውን ተቀብለው ቆዳውን ሲገልጡት፣ አስሩም አውታሮች እንደረገቡ ናቸው፤ ሸረሪትም አድርታባቸዋለች።

በገናውን አዩ፣ እሱን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ፣ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ ሰው! በገናውን ቃኝ ብልህ ሐይቁን ቃኝተህልኝ መጣህ?» እሱም ነገሩ ሲገባው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ሳቃቸው ሲያባራ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ቃሉ አንድ ነው» አሉት። «ሰው ቃል ሲነገረው ልቡ ወዳለበት ነው ይዞት የሚሄደው። ያንተ ልብ ውሃው ላይ ነው ያለው ልጄ።»

«ይመለሳል አባቴ።»

«እናያለና» አሉ።

እውነተኛው ትምህርት ያን ዕለት ተጀመረ። መደርደር አይደለም፣ መቃኘት ብቻ። አውታሩ የሚጠመጠመው ከላይ ባለው ቀንበር ላይ ነው፤ መቃኛውን እያጠበቁ፣ እያላሉ፣ ጆሮን ምሰሶው ላይ አስደግፈው፣ ትክክለኛው ድምፅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። የቀዛፊ እጅ ደግሞ ከባድ ነው። አንዱን አውታር በጠሰው፣ ሌላውንም በጠሰው። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ከበግ አንጀት አዲስ እየገመዱ ይሰጡታል። ቀስ በቀስ እጁ ተገራ። ታዲያ አንዱን ከአንዱ አስማምቶ፣ አውታሮቹ መነጋገር ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከማዶ «ባለታንኳ! ኧረ ባለታንኳ!» የሚል ጥሪ ውሃውን ተሻግሮ ይመጣል። ይነሳል። «መጣሁ አባቴ፣ አንድ ጊዜ አድርሼ ልምጣ።» ሲመለስ አስሩም አውታሮች ተፈትተው ያገኛቸዋል።

ይህ ሲደጋገምበት አንድ ቀን መረረው። «ለምንድን ነው የሚፈቱብኝ?» አላቸው።

«ጥሪውን የሰማህበት ጆሮ ለዚህ የሚያስፈልገኝ ጆሮ ነዋ» አሉት። «አንዱን ለወደቡ ሰጥተህ በቀረው የቃኘኸውን ቅኝት ምን ላድርገው? በዚያ ላይ ብትደረድር ሰሚው ባያውቀው አንተ ታውቀዋለህ።»

በወዲያኛው ዳር ደግሞ ሥራው መበላሸት ጀመረ። ቶሎ ይመጣ የነበረው ሰው ዘገየ። መሃል ሐይቅ ላይ መቅዘፊያውን አንጠልጥሎ ይቆምና እህህ እያለ ድምፅ ይፈልጋል፤ ታንኳዋ በራሷ ጊዜ ትዞራለች። አንዲት ገበያተኛ «ኧረ አንተ ሰውዬ! እኔ ገበያ ልደርስ ነው የመጣሁት፣ እንጉርጉሮህን ልሰማ አይደለም!» ብላ ጮኸችበት። ታንኳዋን ጎትቶ ማውጣት ይረሳል፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከበደ፣ የሰው ጤፍ ራሰ። «ባለታንኳው ሰው አልሆነም» ተባለ። ሰዉ ዞሮ በእግሩ መሄድ መረጠ። ቤት ውስጥ የእህሉ ጎታ እየጎደለ ሄደ፤ ሚስቱ ይህን ሁሉ ታያለች። 

አንድ ጧት መቅዘፊያውን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት።

«ስማኝ አንተ ሰው። ስትቀዝፍ በገናውን ታስባለህ። በገናውን ስትይዝ ሰው ጠራኝ ትላለህ። ግማሽህ ውሃ ላይ ነው፣ ግማሽህ ደሴቱ ላይ ነው፤ እኔ ዘንድ የደረሰ የለም። እኔ ባል አለኝ ወይስ የለኝም?»

አንገቱን ደፋ። «ልተወው?» አላት። 

አየችው። በገናውን ይዞ ከደሴቱ ሲመለስ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ስለዚያ ፊት ብላ ነው እስከዚያ የታገሠችው። አንጀቷን በላው። «ተወው መች አልኩህ?» አለችው። «ትተኸው እቤት ተጎልተህ፣ ያን ፊትህን እያየሁ ልኖር ነው? ይልቅ ይህን ወዲህ በል።» መቅዘፊያውን ከእጁ ወሰደችው። «ከዛሬ ጀምሮ ባለታንኳ ብለው ሲጠሩ እኔን ነው። አንተን የሚጠራህ የለም። ሰማኸኝ?»

እሱም ሰማት።

መንደሩ ጉድ አለ። «ሚስቱ እየቀዘፈች እሱ ክር ይጎትታል» ተባለ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች፤ ሥራዋን ያዘች፣ ታንኳዋን አደረቀች፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ተመለሰላት። ባልየው ግን ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ጥሪው የሱ አይደለም፤ ጆሮው ግን አሁንም አላረፈም። አሁን ደግሞ ሚስቱን ተከትሎ ይሄዳል። ነፋስ ሲነሳ «የት ደርሳ ይሆን?» ይላል፣ ማዕበል ሲያጓራ መቃኛው ከእጁ ያመልጣል። ሽማግሌው ያዳምጡና አስሩንም ይፈቱታል። እሱም እንደገና ይጀምራል። ክረምቱ አለፈ፣ ጉም የሚወርድበት ወራት መጣ፣ ሄደ። ሰውየው እንቅልፍ ውስጥ እንኳ ይቃኝ ጀመር፤ ሕልሙ ውስጥ ረጅም አውታር ከሰማይ እስከ ሐይቁ ወለል ተወጥሮ ያያል፣ እጁ ያጠብቀዋል፣ ያላላዋል። ሲነጋ ጋቢው እንደ ገመድ ተገምዶ ይገኛል። ሚስቱ «ማታ ጋቢውን ስንተኛው አውታር አደረግኸው?» እያለች ትስቅበታለች።

አንድ ቀን ግን ሥራ ውላ ገብታ መቀነቷን ልትፈታ ስትል አያት። ቋጠሮውን በጣቷ ሞከረች፣ አቃታት። ዘወር ብላ በጥርሷ ፈታችው። እሱም እጇን ያዘና ገልጦ አየ። መዳፏ ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ውሃ የቋጠረ ሳይድን ሌላው ፈንድቶበታል። የራሱን መዳፍ አጠገቡ አስቀመጠው፤ ለስልሷል፣ የነጋዴ እጅ መስሏል።  ከፊቷ ማልቀስ አፍሮ ወደ ውጭ ወጣ። ነገሩ ያን ዕለት በቃው።

በነጋው በገናውን ጠቅልሎ አቀፈና ወደ ዳር ወረደ። ለሽማግሌው ሊመልስ ነው። ሚስቱ ገበያተኞቹን አሳፍራ ልትነሳ ነበር።

«መቅዘፊያዬን ስጪኝ» አላት። «በቃኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። እሷ «ከልብህ ነው?» አለች።

«ከልቤ ነው። እጅሽን አይቻለሁ። የኔ ድምፅ በዚህ ይምጣ አልልም።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ መቅዘፊያውን ዘረጋችለትና «መልካም። እንግዲያው ሥራህን እንደ ድሮህ ጀምራ። ቃኝና እንሂድ» አለችው።

«እሺ» አለ። ፈጠን ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ቆዳውን ገለጠ፣ ጆሮውን ምሰሶው ላይ አስደግፎ መቃኛውን ያጠብቅ ጀመር።

ታንኳው ላይ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እሱ አላያቸውም፤ ሦስተኛው አውታር ላይ ደርሷል። ያቺ አፈኛ ገበያተኛ ናት ቀድማ የፈነዳችው። «ኧረ አንተ ሰውዬ! ሐይቁን ነው እኮ የምትልህ፣ ሐይቁን!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ቀና አለና ዙሪያውን አየ። ነፋሱ ተነስቶ ደንገሉን ሁሉ አስተኝቶታል፤ ልብሱን እያውለበለበው ነው፤ እሱ ግን ነፋስ መኖሩን እንኳ አላወቀም ነበር። ያ የሐይቅ ሰው! ደነገጠ። ሚስቱ አልሳቀችም። ቆይታ ግን እሷም ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«አየህ?» አለችው። «አንተ ካሁን ወዲያ ለውሃው አትሆንም። ሰው ታሰምጥብኛለህ። ስለ እጄ አትጨነቅ፣ እጅ ይድናል፣ ይደነድናል።» ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ደግሞ ሰው በማይሰማው ድምፅ «ይህን ሁሉ ከቀዘፍኩ በኋላ ብትተወው ግን አልምርህም» አለችው። «በል ግባ፣ ደሴቱ መንገዴ ነው።»

በገዛ ታንኳው ተሳፋሪ ሆኖ ሄደ። በገናውን አቅፎ፣ ከገበያተኞቹ መሃል ተቀምጦ፣ እሷ ከኋላው ስትቀዝፍ ትንፋሿን እየሰማ ሄደ። ውሃው ሲያናውጣቸው «ተጠንቀቂ» አላላትም፤ ታውቀዋለች። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቁን ለሷ ተወላት።

ደሴቱ ላይ ተቀመጠና ቃኘ። ፀሐይዋ ከዛፉ ወዲህ ነበረች፣ ወዲያ ዞረች። ሲጨርስ ሽማግሌው እጃቸውን አውታሮቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ፣ አዳመጡ። እሱ ሊፈቱት ነው ብሎ ጠበቀ። አልፈቱትም።

«አባቴ፣ ዛሬ ምነው?»

«ከማዶ ሲጣሩ ዋሉ እኮ» አሉት። «ጉሮሯቸው እስኪደርቅ። አልሰማህም?»

«ማን ተጣራ?» አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «በል እንግዲህ ጣትህን አምጣ፤ መደርደር እናስተምርህ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ተማረ ብትይኝ አልነግርሽም። ሰው ይህን ሲሰማ በጣቱ መቁጠር ይጀምራል። ብዙ ነው ብቻ። የሚስቱ መዳፍ ድኖ፣ ደንድኖ፣ እንደ መቅዘፊያው እንጨት ሆነ። የሽማግሌው እጅ ደግሞ እያደር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲደረድሩም መንቀጥቀጡ ይሰማል፤ ሐይቁን የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ ያን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ለመደው፤ እያዘነ ለመደው። አንድ ጧት ታዲያ ሽማግሌው በገናቸውን፣ የራሳቸውን በገና፣ ለተማሪያቸው አቀበሉትና ከዛፉ ሥር ጋደም አሉ። «ዛሬ እኔ ልስማ» አሉ።

ደረደረ። ምን እንደተሰማው አልነግርሽም፣ እሱም ለማንም አልተናገረም።

አመሻሽ ላይ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ተመልሶ ዳር ቆሞ ጠበቃት። እሷም መጣች፤ ታንኳዋን አብረው ጎትተው አወጡ። ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ ወሬዋን ጀመረች። «ስማ፣ ሽማግሌው ዛሬ ምን አግኝተው ነው? እጃቸው አልተንቀጠቀጠም! ታንኳዬ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ያቺ አፈኛይቱ እንኳ! አቁሚና እንስማ አሉኝ፣ መሃል ሐይቅ ላይ አቁሜላቸው ቆየን። እኔ እኮ እሳቸው እንዲህ ሲደረድሩ…»

ቀና ብላ አየችው። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለች።

ራሱን ነቅንቆ አዎ አላት።

እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች።  ከዚያ በእነዚያ እንደ እንጨት በደረቁ እጆቿ እጁን ይዛ «ደህና ቀዝፈናል» አለችው።

ይኸው ነው።

እንግዲህ እናኑ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ሰዓት ነው። ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ ስንት ሰዓት ይበቃኛል ነው። ክራሩ የሚፈልገው ሰዓትሽን ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። የሚፈልገው ጥሪ ሰምተሽ የምትነሺበትን ያንን ጆሮ ነው። ቅድም ስትጫወቺ ስልክሽ ጮኸ፤ ጣትሽ አውታሩ ላይ ነበረ፣ አንቺ ግን አልነበርሽም፤ እኔም እንደዚያ ሽማግሌ ሰምቼዋለሁ። ሥራሽን አልነቅፍም። ሥራሽ ያቺ ታንኳ ናት፤ ሰው ትሻገርባታለች፣ ቤት ትመግባለች፣ የተከበረች ናት። ሁለቱንም አንድ ሰው ሲይዛቸው ነው የሰው ጤፍ የሚርሰው።

ደግሞ ሌላም አለ፤ ይህን እኔ ስጀምር የነገረኝ አልነበረም። እኛ ሙዚቀኞች መድረክ ላይ ብቻችንን ስንቆም ብቻችንን የተጋን እንመስላለን። ውሸት ነው። አንዱ ተቀምጦ ሲቃኝ ሌላው ይቀዝፋል፤ የዚያኛው መዳፍ ነው የሚሰነጠቀው፤ ጭብጨባውን ግን አይሰማም። ቤትሽ ያለችው ታላቅ እህትሽ ናት አይደል? አንቺ ሥራሽን ስትለቂ እሷ ናት ቤቱን ብቻዋን ተሸክማ የምትቀረው። ስለዚህ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ክራሩን ዛሬ እዚሁ ተይው። ሂጂና አጠገቧ ቁጭ በይ፣ እጇን ያዥና «መቅዘፊያውን ትይዥልኛለሽ ወይ?» በያት። እምቢ ካለችሽ አትቀየሚያት፤ መብቷ ነው፣ አንቺም ያው የምታውቂውን ሥራሽን በደንብ ሥሪ። እሺ ካለችሽ ግን፣ እጇን ከመልቀቅሽ በፊት መዳፏን ገልጠሽ እዪው፤ ነገ ጧት ስትመጪ ስለ ሰዓት አታወሪኝም።